ልጁ የሰማውን ለማን ያድርስ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ወጣቶች ራሳቸውን እንዳያጠፉ እኩዮቻቸውን ስለማሠልጠን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሐሳቡን ብደግፈውም፣ ጽሑፉ የሥልጠናውን ዋና ቁም ነገር ሳይነካው አልፏል።

የአቻ ረዳት (እኩዮቹን እንዲረዳ የሚሠለጥነው ወጣት) አማካሪ አይደለም፤ የ15 ዓመት ልጅ የጓደኛውን ሕይወት ብቻውን እንዲሸከም ማድረግም በደል ነው። የሚሠለጥነው የጓደኛውን ጠባይ መለወጥ እንዲያስተውል፣ ሳይፈርድ እንዲያዳምጥ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ እንዲጠይቅ (መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም)፣ ከዚያም የሰማውን ለሚታመን አዋቂ እንዲያደርስ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ «ለማንም እንዳትናገር» ተብሎ የሰሙትን ማውጣት በእኩዮች ዘንድ እንደ ክህደት ይቆጠራልና። ምስጢር ጠባቂ በሚመሰገንበት ቤት ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም መማር ይቻላል። በ1998 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዳኮታ ከነባር ሕዝቦችና ከገጠር ነዋሪዎች ጋር የተጀመረው «ሶርስስ ኦፍ ስትሬንግዝ» የተባለ የእኩዮች ሥልጠና መርሐ ግብር በ18 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች (ሁሉም የነባር ሕዝቦች አልነበሩም) ሲጠና፣ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑት ተማሪዎች ካልሠለጠኑት ይልቅ አደጋ ላይ ያለ ጓደኛቸውን ጉዳይ ለአዋቂ የማድረስ ዕድላቸው 4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

አዋቂው ከሌለስ? አሪዞና ውስጥ የሚኖሩት ኋይት ማውንቴን አፓቼ የተባሉት የነባር ሕዝቦች ጎሳ አባላት የጀመሩት ከዚህ ጫፍ ነው። የጎሳው ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ራስን ከማጥፋት ጋር የተያያዘ አደጋ ሁሉ እንዲመዘገብ ደነገገ፤ ጥቆማው ሲደርስ የጎሳው ተወላጅ የሆኑ ሠራተኞች ወጣቱን ፈልገው ያገኙታል፣ ወደ ሕክምናም ያገናኙታል። ሽማግሌዎችም በየትምህርት ቤቱ እየተገኙ ቋንቋውንና ወጉን ያስተምራሉ። ከ2007 እስከ 2012 የታየው ራስን በማጥፋት የሚደርስ የሞት መጠን ከ2001 እስከ 2006 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር 38 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለውጡን ያመጣው የትኛው ሥራ እንደሆነ ለይቶ መናገር ባይቻልም፣ ሥራውን የያዘው ጎሳው ራሱ መሆኑን አቅልዬ አላየውም።

ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ዳግመኛ ስትጽፉ፣ ስንት ወጣት ተመረቀ ከማለት አልፋችሁ፣ ልጁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሰማውን ይዞ የማንን በር እንደሚያንኳኳ፣ በማግሥቱስ እርሱን ራሱን «እንዴት አደርክ?» የሚለው ማን እንደሆነ ትጠይቁልን ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከፊኒክስ፣ አሪዞና