ከጥንቸሏ የመጣ ዳቦ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሁድ ስንደዋወል «አዲሷ የሥራ ባልደረባዬ አገሯ ቩህሌዳር ነው አለችኝ፤ ታውቃታለህ አባዬ?» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ። ኔትወርክ ተቋርጦ አልነበረም። መናገር አቅቶኝ ነው።

ከተማዋን አውቃታለሁ፤ ዩክሬን ውስጥ ናት። እዚያው አገር ዶኔትስክ ከተማ ስለ ማዕድን ቁፋሮ ስማር፣ በ1979 ዓ.ም. ክረምት ለልምምድ የተላክሁት ቩህሌዳር ነበር። የስሟ ትርጉም «የከሰል ስጦታ» ነው። ደግሞም ከሰሉ ባይኖር አትኖርም ነበር። ሁለት የከሰል ጉድጓድ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው።

ጣጣ ያመጣባት ይኸው ነው። ከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ከፎቆቹ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሜዳው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ እና የሩሲያም የዩክሬንም ጦር ፈለጋት። ሩሲያ በሙሉ ኃይሏ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት፣ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሆስፒታሏ አጠገብ ሚሳይል ወድቆ 4 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 2017 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ሲይዛት፣ ከ14 ሺህ ነዋሪዋ የቀረው መቶ ያህል ነበር። ፎቶዋን አይቼ ያደርኩበትን ሕንፃ ፈለግሁ። መለየት አልቻልኩም።

አሁን ስለ ዳቦው ልንገርሽ። ዶንባስ የሚባለው የዚያ አካባቢ ከሰል ቆፋሪዎች ጉድጓድ ይዘው የሚወርዱትን ምሳ «ቶርማዞክ» ይሉታል። ዳቦ፣ የአሳማ ስብ፣ ሽንኩርት። የመጀመሪያ ቀን እኔ ምንም አልያዝኩም። አብሮኝ የወረደው ሽማግሌ ዳቦውን ለሁለት ገመሰልኝ። ስቡን እንደማልበላ ስነግረው ሽንኩርቱን በሙሉ ለእኔ ተወው። ከራሱ ድርሻ ደግሞ አንድ ቁራሽ አስቀርቶ ኪሱ ከተተ። «ለልጅ ልጄ ነው። ጥንቸሏ ላከችልሽ እላታለሁ» አለኝ። እዚያ አባቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ዳቦው ደርቆ፣ ከሰል ከሰል እየሸተተ ይደርሳል። ልጆቹ ግን ከቤቱ ዳቦ አስበልጠው ይወዱታል።

ትዝ አለሽ? ማታ ስገባ በር ላይ ትጠብቂኝ ነበር። ከኮቴ ኪስ ቁራሽ አውጥቼ «ጥንቸሏ ላከችልሽ» ስልሽ? እናትሽ «ዳቦ የምትጋግር ጥንቸል ከየት መጣች?» ትል ነበር። ከቩህሌዳር ናት።

ሰኞ ሥራ ስትገቢ ስለ ጦርነቱ አትጠይቂያት። ስንቱ ጠይቋታል። ዳቦ ይዘሽላት ሂጂ፤ ከጥንቸሏ ነው በያት። እኔ የማውቀው በሩሲያኛ ነው፣ አሁን ደስ ላይላት ይችላል። በጀርመንኛችሁ በያት። ይገባታል።

አባትሽ