የአማተር ሬዲዮ ክበብ፦ እዚያ ይፈቀዳል፣ እዚህስ?

ክበባችን ዘንድሮ በአብዛኛው ሲያዳምጥ ነው የከረመው። የማሰራጫ ፈቃድ ስለሌለን ማይክሮፎን አልነካንም። አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ሬዲዮ ከፍተው ምን ይሠራሉ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና እነሆ መልሱ።

አማተር ሬዲዮ ገንዘብ ሳይገኝበት፣ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ተብሎ በግል ጣቢያ ከሌላው ዓለም ጋር መነጋገር ነው። እኛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ እስከ ዋርካው ድረስ ሽቦ ዘርግተን፣ በባትሪ የሚሠራ የአጭር ሞገድ መቀበያ አገናኘን። የጎንደር ሰው መብራት ሲጠፋ ይማረራል፤ የኛ ልጆች ግን ወደ ክበቡ ክፍል ይሮጣሉ። አምፖሉና ቻርጀሩ ሬዲዮው ላይ የሚፈጥሩት ጩኸት ሲቆም የሩቁ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማላ! የሰሙትን በመዝገብ ይጽፋሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ስም)። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ የኛ ምሽት 12 ሰዓት በዚያ አቆጣጠር 15፡00 ነው። መጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር፤ አሁን በቃላቸው ነው የሚሉት።

የዓመቱን ሥራ የቀየረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማዞሪያውን ቀስ እያደረገች ከ7.100 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ ስትሄድ፣ እስከ 7.200 ሰዎች ሲጨዋወቱ ሰማች። ከዚያ በላይ ግን የትልልቅ ማሰራጫዎች ዜናና ዘፈን ሸፈነው። «አሜሪካኖቹ እስከ 7.300 ያወራሉ ይላል፤ እኛ ጋ ለምን እዚህ ቆመ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በ3 ክልል ከፍሏታል። አፍሪካና አውሮፓ በክልል 1፣ አሜሪካዎቹ በክልል 2 ናቸው። በኛ ክልል ከ7.200 በላይ ያለው ቦታ የተሰጠው ለብሮድካስት፣ ማለትም ለሕዝብ ለሚያሰራጩት ጣቢያዎች ነው። ከ7.100 እስከ 7.200 ያለውም ቢሆን እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በብሮድካስት ተይዞ ነበር። ኅብረቱ ይህን ያህል ከወሰነ በኋላ ዝርዝሩን የሚያወጣው እያንዳንዱ አገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየአገሩ ሕግ ላይ ተጠመዱ። አሜሪካ 3 የፈቃድ ደረጃ አላት፤ የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። የዕድሜ ገደብ የለም። የማሰራጫው ከፍተኛ ጉልበት 1500 ዋት ነው። ጃፓን ለሰውየውና ለጣቢያው ለየብቻ ፈቃድ ትሰጣለች፦ የሰውየው የዕድሜ ልክ ነው፣ የጣቢያው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። የሞርስ ኮድ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የመላክ ዘዴ) ፈተና ድሮ የግድ ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ለየአገሩ ምርጫ ተተወ፣ አሜሪካም በ2007 እ.ኤ.አ. አስቀረችው። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ዜጋው ጨርሶ አይፈቀድለትም።

ክበቡ ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሳው የጀማሪዎች ጉዳይ ነው። እንግሊዝ በ2024 የጀማሪውን ጉልበት ከ10 ወደ 25 ዋት ከፍ አደረገች። ጀርመን በዚያው ዓመት ለጀማሪ ብቻ የሚሆን አዲስ ደረጃ ከፈተች። እኔ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ባይ ነኝ። ልጅ በትንሽ ዋት ቢሳሳት የሚረብሸው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚማረው ግን ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ ከተቆጣጠረ፣ ፈቃድ የሌለው ልጅም መናገር ይችላል። ይህም ለትምህርት ቤት ግሩም ነው።

በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የክበብ ጣቢያ አለ። «ኢቲ» ኢትዮጵያን የሚያሳውቀው ምልክት ነው። ፍሪኩዌንሲን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለሚመጣው ዓመት ልጆቹ የማመልከቻ ረቂቅ እያዘጋጁ ነው፤ የትምህርት ቤት ክበብ በትንሽ ዋት፣ በመምህር ተጠያቂነት እንዲሠራ የሚጠይቅ። የሌሎች አገሮችን ሕግ የሚያወዳድረውን ሠንጠረዥ አባሪ ያደርጉታል።

መብረቁን ፈርተን ሽቦውን ለክረምቱ አውርደነዋል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም መግባት ይችላል።