በድሬዳዋ ሙቀት ስለ ውሃ የሰጣችሁት ምክር

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ «በዚህ ሙቀት ውሃ በብዛት ጠጡ» ብላችሁ ነበር። ጎረቤቴ ገጹን ቆርጣ ከሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ ጋር አመጣችልኝ። «ጋዜጣው እንኳን ብሏል፣ ጠጣ!» አለችኝ።

ችግሩ እኔ የልብ ጡንቻዬ የጠጠረ ሰው መሆኔ ነው። ሆዴ ተነፍቶ፣ ጫማ አልገባ ብሎኝ፣ አንዴ ጉበት አንዴ ኩላሊት ስባል ከዓመት በላይ ተንገላታሁ። በኋላ ልቤ በአልትራሳውንድ ሲታይ «ደም የመግፋት አቅሙ ደህና ነው» ተባልኩና ደስ አለኝ። ለካ ችግሩ መግፋቱ ላይ ሳይሆን መቀበሉ ላይ ኖሯል። የደረቀ ስልቻ ወተት ሲሞሉበት እንደማይለጠጥ ሁሉ፣ የእኔም ልብ ላላ ብሎ አይሞላም። መግባት ያቃተው ደም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ሳንባ፣ ሆድና እግር ላይ ውሃ ይቋጥራል። ቲቢ የልብን ከረጢት ሲያደነድንም ምልክቱ ይኸው ነው፤ ያኛው ግን በቀዶ ሕክምና ሊድን ስለሚችል ሐኪሞቹ ሁለቱን ለመለየት ብዙ ለፍተዋል።

ሐኪሜ ውሃ የሚያወጣ ክኒን አዝዞልኝ መጠጤን፣ ሻዩንና ሾርባውን ጨምሮ፣ በቀን 1 ሊትር ተኩል ላይ ወሰነው። እኔም ፈሪ ሆንኩ። ባለፈው ሰኔ ክኒኔን ውጬ ውሃውን ሳልነካ ስውል ከፊራ ገበያ መሐል ራሴን አዙሮኝ ወደቅሁ። የጠጠረ ልብ ጭራሽ ከጎደለበትም ይከዳል፤ ላቡ ደግሞ በበኩሉ ይወስዳል። አሁን ዳኛዬ ሚዛን ነው። በየማለዳው ሽንት ቤት ደርሼ፣ ቁርስ ሳልቀምስ እመዘንና ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ እጽፈዋለሁ። በሁለት ሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ፣ ወይም እንዲሁ በድንገት ከወረደ፣ ለሐኪሜ እደውላለሁ። ክኒኑን በራሴ ፈቃድ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ጨው መተው አልከበደኝም። የከበደኝ የከሰዓቱ በርጫ ነው። ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፤ የእኔ ልብ ደግሞ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ባልንጀሮቼ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።

ስለዚህ ምክሩን ስትደግሙት፣ «የልብና የኩላሊት ሕመምተኞች ግን የውሃውን መጠን ሐኪማቸውን ይጠይቁ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። ፊደሉም እንደ ሌላው ጎላ ይበል፤ ጎረቤቴ መነጽር የላትም።

አንባቢያችሁ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ