ረሃቡ ሲመለስ ልጆቹን አትቆጧቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ከባድ ውፍረት ላለባቸው ታዳጊዎች ስለሚደረገው የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ታሪኩ የሚያበቃው ያቀረባችኋት ልጅ ቀዶ ሕክምናውን ባደረገች በዓመቷ ልብሷ ሰፍቷት ፎቶ ስትነሳ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር የምሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ቤተሰብ ግራ ገብቶት የሚደውልልን ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆቹ ምግብ አያምራቸውም። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ደግሞ ከዚያው ከሚወጣው ክፍል ነው። ስለዚህ ሆዱ መጥበቡ ብቻ ሳይሆን ረሃቡ ራሱ ይቀንሳል። የኛ እናቶች በዚህ ጊዜ ይደነግጣሉ። ጉርሻው ይጀመራል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናቷን እምቢ ማለት ከብዷት ሁለተኛውን ጉርሻ ተቀበለች፤ ወዲያው ሽንት ቤት ገብታ አስመለሰችው። ለእናትየው አልነገረቻትም፤ የነገረችው ለእኔ ነው። እባካችሁ፣ ለእነዚህ ልጆች ፍቅራችሁን በጉርሻ አትግለጹ። ከወጡ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን አስቀድመው ቀስ ብለው ይብሉ፤ እንጀራው ይቆይ።

ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ረሃቡ ይመለሳል። ብዙዎቹም ካጡት ኪሎ የተወሰነውን መልሰው ይጨምራሉ። ያኔ ያችው "ብዪ እንጂ!" ስትል የነበረች እናት "ያን ሁሉ ስቃይ አይተሽ መልሰሽ ጀመርሽ?" ትላለች። ልጅቷ ታፍራለች፣ ተደብቃ መብላት ትጀምራለች፣ ቀጠሮዋንም ትተዋለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስንፍና አይደለም። ኪሎ የቀነሰ ሰውነት የጠፋበትን ለማስመለስ ይታገላል፤ የምግብ ፍላጎትን ከፍ ያደርጋል።

ቲን ላብስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ታዳጊዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በሦስተኛው ዓመት ክብደታቸው በአማካይ በ27 በመቶ ቀንሶ ነበር። በ2024 የወጣው የ10 ዓመት ውጤት ደግሞ ቢ ኤም አይ የሚባለው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ልኬታቸው ከመነሻው በ20 በመቶ ገደማ ዝቅ እንዳለ መቆየቱን አሳይቷል። ዓይነት ሁለት ስኳር ከነበረባቸውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ10 ዓመቱ ከስኳሩ ነፃ ነበሩ። እንግዲህ ጥቂት ኪሎ ተመለሰ ማለት ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚዋጠው ቫይታሚንና ማዕድን ነው። ልጆቹ ደህና ነኝ ሲሉ መዋጡን ይተዉታል። በዚያው ጥናት በሦስተኛው ዓመት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሰውነት ውስጥ የተከማቸው ብረት አንሶ ተገኝቷል። የወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች ደግሞ ይብስባቸዋል። በጾም ወቅት ሥጋና እንቁላል ሲቀር ነገሩ ይከብዳል፤ ልጃችሁ የምትጾም ከሆነ ሑዳዴ ሳይገባ ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አነጋግሩ።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ አምስት ዓመት ያለፋቸውን ወጣቶች ብታነጋግሩ ደስ ይለኛል። ሊያደርጉ የሚያስቡ ቤተሰቦች መስማት ያለባቸው እነሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ