የቤዝ አምፕ ኪራያችን ለምን 400 ብር ጨመረ? ለምንስ ጥያቄ አበዛን?

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ!

ያው የነቢያት ጾም ስለገባ ሰርግ የለም፣ ዕቃው ሁሉ ተመልሶ ሱቅ ውስጥ ተደርድሯል፣ ለመጻፍ ጊዜ ያገኘነውም ለዛ ነው። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ "የአምፕ ኪራይ ለምን 400 ብር ጨመረ፣ ደሞ ዕቃ ልወስድ ስመጣ እንደ ኢሚግሬሽን ለምንድነው የምትመረምሩኝ" እያላችሁን ነው። እውነት ነው፣ ሳንነግራችሁ ነው የቀየርነው። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት አንዴ ይጻፍና ይለቅ ብለን ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ግንቦት ቢሾፍቱ አንድ መልስ ላይ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እሱን ቀድመን እንናገር። ያን ቀን ያከራየነው ሄድ (ስፒከር የሌለው፣ የቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያው አምፕ ራሱ) ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ከኋላው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፣ ስለዚህ ሁሌም የኛን 220 ቮልት ወደ 120 ከሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ጋር ነው የሚወጣው፣ ገመዱ ላይም በፕላስተር "ቀጥታ አይሰካ" ተብሎ ተጽፎበታል። ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዛ መብራት ጠፋ፣ ጄነሬተር ተነሳ፣ የቪዲዮ ልጆች ለመብራታቸው ሶኬት ፈለጉ፣ አንዱ ያንን ከባድ ትራንስፎርመር በእግሩ ገፋ አደረገና የአምፑን ገመድ ነቅሎ ኤክስቴንሽኑ ላይ ቀጥ አርጎ ሰካው። የአሜሪካ ጠፍጣፋ ሹካ እኛ ግድግዳ ላይ እኮ አይገባም፣ እነዚህ የቻይና ኤክስቴንሽኖች ግን የማይቀበሉት ነገር የለም። ፊውዙ ተቃጥሎ ሊያድነው ይገባ ነበር፣ አላዳነውም፣ ለምን መሰላችሁ፣ ከወራት በፊት የኛው ልጅ ትክክለኛውን ፊውዝ ሲያጣ ወፈር ያለ አስገብቶበታል። በቃ አምፑ ጭሱን ለቀቀ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከአዳራሹ ዕጣን በላይ ሸተተ።

አሁን ልብ በሉ። ቤዚስቱ ከቦርሳው ትንሽ የፕሪአምፕ ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰር የሚያዘጋጅ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) አወጣ፣ ጊታሩን እሱ ላይ ሰካ፣ ከፔዳሉ በኤክስ ኤል አር (በማይክ) ገመድ ሚክሰሩ ላይ ገባ፣ ሁለት ዘፈን ሳያልፍ ተመልሶ መጫወት ጀመረ። እስክስታው አልቆመም። ድራመሩ ብቻ ነው ከኋላው የሚመጣው ሙቀት ጠፍቶበት ዞር ዞር ያለው። በማግስቱ ቤዚስቱ ዕቃ ሲመልስ ምን ቢለን ጥሩ ነው፣ "ወንድሞቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳውንዱ የጠራው አምፓችሁ ከተቃጠለ በኋላ ነው።"

አናደደን። ግን ልክ ነበር። ከዛ በኋላ ሰርግም ክለብም ቸርችም ስንሄድ እያየን እያዳመጥን ነው ይሄን አሰራር የቀየርነው።

ሁላችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁን "ስንት ዋት ነው?" ነው። ዋት ያስፈልጋል፣ ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ስለሆነ ቤዝ ከሊድ ጊታር ብዙ እጥፍ ዋት ይበላል። ግን 300 የነበረውን 600 ብታረጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ያውም "ትንሽ ጨመረ እንዴ?" የሚያስብል ያህል፣ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ አስር እጥፍ ዋት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ትልቁን ሄድ ካልሰጣችሁኝ ብሎ መጣላት ዋጋ የለውም። የሚብሰው የት እንደተቀመጠና ምን እንደሚወጣበት ነው። ቢሾፍቱ ላይ አምፑ ከውስጥ ባዶ የሆነ የጣውላ መድረክ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ያ ጣውላ ራሱ ከበሮ ሆነ፣ ልጁ ከፊቱ ቆሞ ድምፁ በጉልበቱ ስር ስለሚያልፍ አልሰማም፣ ስላልሰማ ባሱን ጨመረ፣ ባሱ ዘፋኟ ማይክ ውስጥ ገባ፣ አዳራሹ ኡኡኡ ብቻ ሆነ። አምፑን ወንበር ላይ አውጡት ወይም ወደ ጆሯችሁ አዘንብሉት፣ ከጥግም አርቁት፣ ጥግ ባስን ያሳብጠዋል። ብር አይጠይቅም ይሄ።

ሌላው ደሞ የባስ ማዞሪያውን ጥግ ድረስ መጠምዘዝ ነው። የአራት ክር ቤዝ የመጨረሻዋ ወፍራም ክር፣ ኢ ማለት ነው፣ 41 ኸርዝ ገደማ ነው የምትመታው፣ የአምስት ክሩ ቢ ደሞ ወደ 31 ይወርዳል። ብዙ አዳራሽ ያለው ፒኤ (ለሕዝቡ የሚያሰማው ስፒከር)፣ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) የሌለው፣ እዛ ድረስ አይወርድም፣ እናንተ የምትሰሙት ከሷ በላይ ያለችውን 82 ኸርዝና ከዛ ወደላይ ያለውን ነው። የሌለውን ድምፅ ጨምር ብላችሁ ስታዙት አምፑ ዋቱን በከንቱ ያቃጥላል፣ ስፒከሩ ይርገበገባል፣ እናንተም አትሰሙም። ጭክጭካ ስትጫወቱ ደሞ ከበሮውም ኪኩም (በእግር የሚመታው የድራም ከበሮ) እዛው ታች ተሰብስበዋል፣ እናንተም ተጨምራችሁ ገበያ ይሆናል። ሚድ የሚለውን የመሐል ድምፅ ማዞሪያ ንኩት፣ ከ200 እስከ 800 አካባቢ ያለውን፣ ጣታችሁ የሚመታው ኖታ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከዛ ነው። ብቻችሁን ስትሞክሩት አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ከባንድ ጋር ግን ልክ ነው፣ እመኑን።

ትልቁን ባለ ስምንት ስፒከር ሳጥን፣ "ፍሪጁን"፣ የምትወዱ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም እንወደዋለን። የአሜሪካው አምፕ ሠሪ አምፔግ በ1969 እ.ኤ.አ. ኤስቪቲ የሚባለውን 300 ዋት የቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ካለው ሳጥን ጋር ሲያወጣ በዛን ጊዜ የመድረክ ፒኤ ደካማ ስለነበር ቤዙ ከመድረክ ተነስቶ አዳራሹን በራሱ መሙላት ነበረበት፣ የእንግሊዙ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስም በዛው ዓመት ቱራቸው ላይ ይዘውት ዞረዋል። አሁን ግን ፒኤው አለ፣ ሳጥኑ ደሞ ብቻውን 60 ኪሎ ያልፋል፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት ምን እንደሆነ ልጆቻችንን ጠይቋቸው (አንዱ እስካሁን ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው)። ፍሪጁ አልተሸጠም፣ ሜዳ ላይ ለሚሆን ኮንሰርት ይወጣል፣ ለሰርግ ግን አንሰጥም፣ አትለምኑን።

ስለዚህ 400 ብሩ ምንድነው ካላችሁ፣ ከእንግዲህ አምፕ ሲወጣ ዲአይ (ድምፁን ቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ መውጫ) ያለው ፕሪአምፕና ስታቢላይዘር አብሮ ነው የሚወጣው። ፕሪአምፑ አንድ መዳፍ የምታክል ነገር ናት፣ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። የቤዝ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ድምፅ ደካማ ነው፣ በተለይ ባትሪ የሌለው ፓሲቭ ቤዝ፣ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ስትሰኩት ሚክሰሩ ይጫነውና ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ፕሪአምፑ አንድ ሜጋኦም አካባቢ መግቢያ ስላለው አይጫነውም፣ በሌላ በኩል ባላንስድ አድርጎ ስለሚያወጣው 30 ሜትር ገመድ ሄዶም ዝዝዝ አያነሳም። አምፑ ለናንተ ነው፣ ፕሪአምፑ ለሕዝቡ። አምፑ ቢሞት ሕዝቡ አያውቅም፣ ቢሾፍቱ ላይ ያየነው እሱን ነው። ብዙ አምፕ ከኋላው የራሱ ዲአይ አለው፣ አዎ፣ ግን አምፑ ሲሞት እሱም አብሮ ይሞታል።

ጎኗ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ትንሽ ማብሪያ አለ፣ እም እም የሚል ድምፅ ከመጣ እሱን ነው የምትነኩት። ስታገናኟት እም አለ ብላችሁ የአምፑን ሹካ የግራውንድ እግር በፒንሳ የምትነቅሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ! ሦስት ዕቃ እንደዛ ሆኖ ተመልሶልናል። ያ እግር ለጌጥ አይደለም፣ አንድ ቀን ማይኩን በከንፈራችሁ ስትነኩ ሲነዝራችሁ ታገኙታላችሁ።

ስለ ካቢኔት (ስለ ስፒከር ሳጥኑ) ደሞ ጥቂት ነገር። የአብዛኛው ትራንዚስተርና ክላስ ዲ ሄድ ዝቅተኛው 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥን ብትሰኩ 4 ይሆናል፣ ደስ ይላል። ሁለት ባለ 4 ብትሰኩ ግን 2 ይሆናል፣ ያኔ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል። የቲዩብ ሄድ ደሞ ያለ ሳጥን በፍጹም አይበራም፣ "ልሞክረው ብዬ ነው" አይሰራም። የጊታር ጃክ ገመድንም ለሳጥን አትጠቀሙ፣ ቀጭን ነው፣ ይሞቃል፣ ስፒኮን ገመድ አብረን ሰጥተናችኋል እኮ።

አሁን ወደ ፔዳል፣ እዚህ ላይ ብዙ ዕንባ አይተናል። ለጥገና ከሚመጣልን የሞተ ፔዳል አብዛኛው የሞተው በአዳፕተር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቤዚስቱ አዳፕተሩን ቤቱ ይረሳል፣ ኪቦርዲስቱ "እንካ የኔ ትርፍ አለ" ይለዋል፣ ይገባል፣ ጫፉ ልክ ነው፣ ይሰካዋል፣ አለቀ። የብዙ ያማሃ ኪቦርድ አዳፕተር 12 ቮልት ነው፣ መሐሉም ፖዘቲቭ ነው፣ አብዛኛው ፔዳል ደሞ 9 ቮልት መሐሉ ኔጌቲቭ ነው የሚፈልገው። ቮልቱም በለጠ፣ ምልክቱም ተገለበጠ። አዳፕተሩ ላይ ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበት ትንሽ ስዕል አለች፣ ነጥቧ ወደ መቀነስ ምልክት ከተዘረጋች ልክ ነው። ሚሊ አምፔሩን ደሞ እዩት፣ ተራ ኦቨርድራይቭ ትንሽ ነው የሚበላው፣ ዲጂታል መልቲ ኢፌክት ግን 300፣ 500 ይጠይቃል። ሚሊ አምፔሩ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ አዳፕተር ችግር የለውም፣ ያነሰ ነው ችግሩ።

የትኛውን ፔዳል ልግዛ ለምትሉን፣ እኛ ብንሆን መጀመሪያ ኮምፕረሰር (ከፍ ዝቅ የሚለውን ድምፅ እኩል የሚያደርገው)፣ ከዛ ሌላው። የሊድ ጊታር ዲስቶርሽን ቤዝ ላይ ታችኛውን ድምፅ ሙልጭ አርጎ ይበላዋል፣ ንጹሁን ድምፅ የምትቀላቅሉበት ብሌንድ የሚል ማዞሪያ ያለውን ፈልጉ፣ የቴክ 21 ሳንስአምፕ ላይ አለ፣ የሄልሲንኪው ዳርክግላስም አለው፣ ሁለቱም ዲአይ ያለው ሞዴል ስላላቸው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። አንዳንዶች ደሞ "የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ቤዚስት የጆቫኒ ሪኮን ሳውንድ የሚያወጣ ፔዳል አላችሁ?" ትሉናላችሁ። የለንም፣ እሱ ያለው ጣት ላይ ነው። ግን አሮጌ ክር አድርጉ፣ የጊታሩን ቶን ቀነስ አርጉ፣ ፒክ ጣሉ፣ ትንሽ ይጠጋል።

ስቱዲዮ ለምትገቡ አምፕ አትከራዩ፣ ብራችሁን አትጨርሱ። ፕሪአምፑን ብቻ ውሰዱ፣ በሁለት ትራክ ቅዱ፣ አንዱ ንጹህ ዲአይ፣ አንዱ በፕሪአምፑ ያለፈ። ሚክስ ላይ ካልወደዳችሁት ንጹሁ አለ፣ ከንጹሁ ተነስቶ በሌላ አምፕ እንደገና ማሳለፍ ይቻላል። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን እንኳን ዲትሮይት ስቱዲዮ ውስጥ ያንን ሁሉ የቀዳው በአብዛኛው ያለ አምፕ በቀጥታ ኮንሶል ላይ ሰክቶ ነው። ቤዝ ክራር ለምትጫወቱም እንደዛው፣ ፒዬዞ ፒክአፕ ከሆነ ያለ ፕሪአምፕ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው።

ለምን እንደምንጠይቃችሁ ደሞ አሁን ገብቷችኋል ብለን እናስባለን። አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል፣ ሰብዉፈር አለ ወይ፣ ጄነሬተር ነው ወይ፣ ቤዙ አክቲቭ ነው ፓሲቭ፣ ከዚህ በላይ አንጠይቅም። አክቲቭ ከሆነ 9 ቮልት ባትሪ በነጻ እንሰጣለን፣ በቃ ጃኩን ከጊታሩ ሳትነቅሉ አትደሩ፣ ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው እየሠራ ያድራል፣ ጠዋት ቸርች ላይ ድምፁ ኮሽ ኮሽ ሲል ጊታሩ ተበላሸ ብላችሁ ትደውላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ደሞ አምፑን ንቀሉት፣ ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ንቀሉት፣ መብራት ሲመጣም አምስት ደቂቃ ቆዩ። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፣ ስታቢላይዘሩም ቢሆን ተአምር አይሠራም።

120 ቮልት የነበሩትን ሄዶቻችንን በተመለከተ፣ ትራንስፎርመራቸው የሚፈቅደውን ሁለቱን ውስጣቸውን ወደ 220 ቀይረናል፣ የማይፈቅደውን አንዱን ከኪራይ አውጥተናል። ወፍራም ፊውዝ ያስገባው ልጅ አሁንም አብሮን ነው፣ የፊውዝ ሳጥኑ ቁልፍ ግን ከሱ ጋር አይደለም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ አምፕ ቤት ካለ ሳትሰኩት የኋላውን ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩልን። 100–240 የሚል ከሆነ ሹካውን ብቻ ቀይራችሁ ተጫወቱ፣ 120 ብቻ ካለ ይዛችሁ ኑ። ጥር ሳይገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በነጻ እናያለን፣ ፔዳልና አዳፕተርም ጭምር፣ ብቻ አዳፕተሩን አትርሱ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከመጡት ሰባት ሰዎች አምስቱ ፔዳሉን ብቻ ይዘው ነው የመጡት።

አክባሪዎቻችሁ፣
የአምፕ ኪራይና ጥገና ቤታችሁ