ባትሪውን ከመቀየርህ በፊት

ይድረስ ለአባ ቦቢና፤

እንዴት ነህ ወንድሜ? እትዬ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጠፋሁት ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ አንተም አትጠይቀኝ።

የጻፍኩልህ ዊሊስ ጂፕ ገዛህ ሲሉኝ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ቀናሁ። ቀጥሎ «የ12 ቮልት ባትሪ ሊገጥምበት ነው» ሲሉኝ ቅናቱ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ባትሪውን ብቻ ቀይረህ «ይሞክረዋ!» እንደምትል አውቃለሁና እባክህ ይህን ሳታነብ እጅህን አታስገባ።

ለመሆኑ የገዛኸው የተባለውን ነው? ፊት ለፊት ቁምና የራዲያተሩን መከለያ ክፍተቶች ቁጠር። 9 ከሆኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ኤምቢ ወይም መንትያው ፎርድ ጂፒደብሊው ነው፤ ባለ 6 ቮልት፣ ኔጋቲቩ ከሻሲው ጋር የታሰረ። 7 ከሆኑ ወይ የሲቪሉ ሲጄ ነው፣ ወይ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የተሠራው ኤም 38። ኤም 38 ደግሞ ከፋብሪካው ባለ 24 ቮልት ሆኖ የወጣ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይመለከትህም። መከለያ ተቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል የነዳጅ መሙያውንም እይ፤ በኤምቢ ላይ ያለው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው።

ኤምቢ ከሆነ እንቀጥል። 6 ቮልት በራሱ ደካማ አይደለም፣ በቀጭን ገመድና በዛገ ማሰሪያ ነው ስሙ የጠፋው። ግን የ6 ቮልት ባትሪና አምፖል ፍለጋ መንከራተት ካማረረህ አልፈርድብህም። የሽቦው ነገር አያስጨንቅህ፤ ቮልቱ ሲጨምር አምፔሩ ይቀንሳል። 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይጠይቃል፣ በ12 ቮልት 3.75 ይበቃዋል። ስለዚህ የድሮው ሽቦ ውፍረቱ ይተርፋል። የሚያሰጋው ልባሱ ነው። ከፊት መብራቱ ጀርባ ሽቦውን በጣትህ ቀስ ብለህ እጠፈው፤ ጨርቁ ከተፈረፈረ ሙሉውን ለውጥ፣ በፕላስተር አታባብለው።

ቦቢናውን፣ የካንዴላውን እሳት የሚፈጥረውን ጥቅልል፣ ለስምህ ስትል መጀመሪያ ቀይር። የ6 ቮልቱ የመጀመሪያ ጥቅልል 1.5 ኦም አካባቢ ነው፤ 12 ቮልት ስትሰጠው 8 እና 9 አምፔር ይስብና ፑንቲናውን፣ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠውን መነካኪያ፣ ያቃጥላል፣ ራሱም ይግላል። 3 ኦም ያለውን የ12 ቮልት ቦቢና ግጠም፤ ወይም 1.5 ኦም ቦቢና ካገኘህ ከፊቱ 1.5 ኦም ሬዚስተር አድርግበት። ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ካንዴላው ባሉበት ይሠራሉ። የፑንቲናው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ሞተሩን ወደሚያስነሳው ወደ ሞተሪኖው። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። «የ12 ቮልት ሞተሪኖ በኋላ ከተሠሩት ጂፖች ፈታትተህ ግጠም» የሚልህ አይጠፋም፣ በተለይ ሶማሌ ተራ። እንዳትሰማው! የኤምቢ ፍላይዊል፣ ሞተሪኖው የሚያሽከረክረው ባለ ጥርስ መዘውር፣ ጥርሱ 97 ነው፤ በኋላ የመጡት ባለ 12 ቮልቶቹ 129 ነው። ቡሎኖቹ ቢገጥሙልህም ጥርስ ለጥርስ አይነካካም። ያለህን የ6 ቮልት ሞተሪኖ ተወው፤ በ12 ቮልትም ይሠራል። ማስነሻው በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ለቮልቱ ግድ የለውም፣ የመዳብ መነካኪያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳቸው እንጂ።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። እጥፍ ቮልት ያገኘ ሞተሪኖ ተወርውሮ ይነሳና ቤንዲክሱ፣ ከሞተሪኖው ወጥቶ የሚነክሰው ጥርስ፣ የፍላይዊሉን ጥርስ ይመታዋል። ፔዳሉን ከ5 ሴኮንድ በላይ አትርገጥ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሞተሩ እንቢ ሲል ሞተሪኖው ገና ሳይቆም ደግሞ መርገጥ ነው፤ የቤንዲክሱ ስፕሪንግ የሚሰበረው፣ የፍላይዊሉ ጥርስ የሚሸረፈው ያኔ ነው። አንተ ትዕግሥት የለህም፤ ስለዚህ ረግጠህ ስትለቅ እስከ አሥር ቁጠር። ጨርሶ እንድትገላገል ከፈለግህ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉትን ፊልድ የሚባሉ ጥቅልሎች ለ12 ቮልት የሚጠቀልልህ ሰው ፈልግ።

ወፍራሞቹን የባትሪ ገመዶች «12 ቮልት ቀጭን ይበቃዋል» ብለህ እንዳትጥላቸው። ሞተሩ የተቀመጠው በላስቲክ ትራስ ላይ ስለሆነ ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚሄድ ሽሩባ ገመድ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ወይ ከዛገ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በሌላ መንገድ ይመለሳል። ምልክቱን ልንገርህ፤ ሞተሩን ስታስነሳ የቾኩን ሽቦ ስትነካው ትኩስ ከሆነ በእሱ በኩል እየተመለሰ ነው። የማሰሪያውን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፋቀው፣ ከዚያ ግሪስ።

ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ በተመለከተ የድሮውን ይዘህ የ12 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልት መቆጣጠሪያ) ብቻ ልትገጥምለት ትችል ነበር፤ ግን ሞተሩ በደንብ ካልጮኸ አይሞላም፣ ፊልዱም ይግላል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ባትሪህን ይጨርሰዋል። ውስጡ ሬጉሌተር ያለው የቶዮታ ዲናሞ ይሻልሃል፣ 40 ወይም 50 አምፔር። የፊት መብራት፣ የኋላ መብራትና ቦቢናው ተደምረው 12 አምፔር አካባቢ ናቸው። 80 እና 100 አምፔር ርካሽ ነው ቢሉህ እለፈው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አምፔር ሜትር 50 ድረስ ብቻ ነው የሚያነብበው፣ ባትሪው ባዶ ሲሆን ያ ሁሉ ከጉልበትህ በላይ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው ሽቦ ያልፋል። የእሳት ነገር ነው።

የድሮውን ሰፊ ፑሊ ወደ ቶዮታው ዲናሞ ካላዛወርክ ቺንጋው ይንሸራተታል። ፑሊዎቹ መስመር መያዛቸውን በቀጥተኛ ብረት ለካ። ከዲናሞው ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አይጂ ከማስነሻ ማብሪያው፣ ኤስ በቀጥታ ከባትሪው፣ ኤል በትንሽ አምፖል በኩል ከማብሪያው። ኤልን ያለ አምፖል እንዳታገናኘው። የድሮው ሬጉሌተር ለመልኩ ይቀመጥ ካልክ ሽቦዎቹን ሁሉ ንቀልለት፣ የፊልዱን ሽቦም ጫፉን ሸፍነው።

የዘይትና የሙቀት ጌጆቹ ኤሌክትሪክ አያውቁም፣ አምፔር ሜትሩም አይነካም። የነዳጁ ጌጅ ብቻ 6 ቮልት ይፈልጋል። ሬዚስተር አትጠቀም፤ ተንሳፋፊው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አምፔሩ ስለሚለዋወጥ ንባቡ ይዋዥቃል። 7806 የሚባለውን፣ ቮልቱን ወደ 6 የሚያወርድ ትንሽ ሬጉሌተር ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር በቡሎን አጥብቀው፣ ብረቱ ያቀዘቅዘዋል። ክላክሱን ቀይረው። አምፖሎች ሁሉ ይለወጣሉ፤ የጦርነት ጊዜ ጭላንጭል መብራቶቹ 63 ቁጥር ናቸው፣ የ12 ቮልቱ 67 ነው። የኋላዎቹን ድፍን መብራቶች እዚያ አታገኝም፣ ከዚህ እልክልሃለሁ።

ሁሉንም ጨርሰህ ባትሪውን ስታስገባ ኔጋቲቩን በቀጥታ አታስረው። በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል 21 ዋት አምፖል አስገባ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ። አምፖሉ ከበራ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷልና ፈልገው። ካልበራ እሰርና አስነሳ፤ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ጋዝ ስትሰጠው ባትሪው ላይ በቴስተር ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማንበብ አለብህ። 15 ካለፈ ወዲያው አጥፋ።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ልመና ነውር ነው። የምታወጣውን የ6 ቮልት ዲናሞና ሬጉሌተር ለመዳቡ ብለህ አትሽጠው። አውቶላይት የሚል ሰሌዳው ላዩ ላይ ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ዋጋውን አንተው ቁረጥ፣ ትርፍ ግን እንዳታስብ። እዚህ ያለው አንድ ሰውዬ ኤምቢውን እንደነበረ በ6 ቮልት ሊያስነሳ እየሞከረ ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ያው የጠፋው ወንድምህ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ