ባሪ ፊትዝጄራልድን ሆሊውድ አልፈጠረውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ አየርላንዳዊው ተዋናይ ስለ ባሪ ፊትዝጄራልድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ካፌ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሞተ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነውን፣ የዛሬ ወጣት ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው አስታውሳችሁ ግማሽ ገጽ መስጠታችሁ የሚያስመሰግናችሁ ነው። ሆኖም ጸሐፊው ሰውየውን «ሆሊውድ ከተራ የቢሮ ጸሐፊነት አንሥቶ ለዝና ያበቃው» ብለው ማስተዋወቃቸው፣ በደብሊን መድረክ ያሳለፋቸውንም ዓመታት «በትርፍ ጊዜው ትያትር ይሞክር ነበር» በሚል ሐረግ ማለፋቸው ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በዋናነት ስለዚያ «ትርፍ ጊዜ» ስለሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ እኔንም በአንድ ወቅት ነክቶኛልና።

ፊትዝጄራልድ በእውነተኛ ስሙ ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1888 በደብሊን ሲሆን፣ በ1911 የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን ቀን ቢሮ ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ወደ አቢ ትያትር ይሄዳል። ባሪ ፊትዝጄራልድ የሚለውን የመድረክ ስም ያወጣውም አለቆቹ እንዳያውቁበትና ችግር ውስጥ እንዳይገባ ብሎ ነው። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በእኔ ጎልማሳነት እንኳ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ መድረክ ላይ እንደሚወጣ ከተሰማ፣ ጠዋት ገና ፊርማ ላይ ሳለ «አዝማሪው መጣ» የሚለው አይጠፋም ነበር። አዝማሪነት ስድብ መሆኑ ራሱ የሚያሳዝን ነው፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን ላቆየው።

አቢ ትያትር ራሱ የማታ ሰዎች ቤት ነበር። በታኅሣሥ 1904 እ.ኤ.አ. በሩን የከፈተው የእጅ ሙያተኞች ማኅበር ይጠቀምበት የነበረውን አዳራሽና ከጎኑ የነበረውን የከተማውን የአስከሬን ማቆያ ቤት አንድ ላይ አድሶ ነው። ከመሥራቾቹ ተዋንያን መካከል ዊልያም ፌይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ወንድሙ ፍራንክ ደግሞ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። በ1925 አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት ለትያትር ቤቱ በዓመት 850 ፓውንድ ድጎማ ሲፈቅድለት፣ እንግሊዝኛ ከሚነገርባቸው አገሮች ከመንግሥት ድጎማ ያገኘ የመጀመሪያው ትያትር ቤት ሆነ። ገንዘቡ ያን ያህል የሚወራለት አልነበረም፤ ቢሆንም ቤቱን በእግሩ አቆመው።

ፊትዝጄራልድ በዚህ ቤት ዓመታት የፈጀው ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ያላቸውን ገጸ ባሕርያት እየተጫወተ ነው። ስሙ የተጠራው በመጋቢት 1924 የሾን ኦኬሲ ተውኔት «ጁኖና ጣዎሱ» መድረክ ላይ በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ እሱም ያን ጊዜ 36 ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። ጸሐፊያችሁ ይህን ተውኔት በስሙ እንኳ አላነሡትም፤ እኔ ግን የሰውየው ሙሉ ታሪክ ያለው እዚያ ይመስለኛል። የተጫወተው «ካፒቴን» ቦይል የሚባለውን ነው። ቦይል ራሱን የባሕር ሰው አድርጎ፣ አውሎ ነፋስና ከዋክብት እያለ ጆክሰር ለሚባለው የመጠጥ ጓደኛው ይተርካል፤ ሚስቱ እንደምትለው ግን ባሕር ላይ የወጣው አንዴ ብቻ፣ ከደብሊን እስከ ሊቨርፑል፣ ያውም በድንጋይ ከሰል መርከብ ነው። ሥራ ተገኘልህ ሲሉት እግሮቹን ያመዋል። ሥራው የለም ሲባል ሕመሙም የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፊትዝጄራልድ በዚያ ዘመን ቀን ቀን የሚሠራው ስለ ሥራ አጦች በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ሥራ አጥቶ የመጣውን፣ ሥራ ሸሽቶ የመጣውን፣ ሁለቱንም ሆኖ የመጣውን የደብሊን ሰው ዓመት ከዓመት ያየ ሰው ነው ማታ እግሩን እያሻሸ ካፒቴን ቦይልን የሆነው። ይህን «ትርፍ ጊዜ» ማለት ይቻላልን? እሱ ራሱ ስለ ቢሮው ሥራ ሲያወራ ቀላልና ፋታ የበዛበት እንደነበረ ተናግሯል፤ እኔ ግን ፋታው ዓይኑንና ጆሮውን ሥራ አላስፈታቸውም ብዬ አምናለሁ። ተውኔቱን የጻፈለት ኦኬሲም ቢሆን የመጀመሪያ ተውኔቱ በአቢ ሲታይ ገና የጉልበት ሠራተኛ ነበረ፤ አካፋውን ያስቀመጠው ከ«ጁኖ» ስኬት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥቂት ባነሣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግብ ነበር። ማታ ማታ በአንድ የአማተር ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ፤ ቃለ ተውኔቴን የማጠናው በተበላሸ የካርቦን ወረቀት ጀርባ ላይ ገልብጬ፣ በመዝገቡ መካከል ሸጉጬ ነው። በየማክሰኞው ከገጠር የሚመጡ አንድ ባለጉዳይ ሽማግሌ ነበሩ። ከመስኮቱ ሲደርሱ ወዲያው አይናገሩም፤ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጠርዙ ላይ ያስቀምጣሉ፣ በመዳፋቸው ዙሪያውን ያስተካክሉታል፣ ከዚያ «ደኅና አደራችሁ» ይላሉ፤ ስለ ፋይላቸው የሚጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ነገ ይመለሱ» ሲባሉ ባርኔጣውን ለማንሣት ከማስቀመጡ የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸው ነበር። የሽማግሌ ድርሻ ሲሰጠኝ አዘጋጁ የነገረኝን ሁሉ ትቼ ያን ባርኔጣ መድረክ ላይ አስቀመጥሁት። አዳራሹ ጸጥ አለ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እውነተኛ የምለው ያን አንድ ደቂቃ ነው፤ የተማርሁትም ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው።

ወሬው ከአለቃዬ ጆሮ ሲደርስ ተጠርቼ «ትርፍ ጊዜ ካለህ ሥራ ይጨመርልሃል፤ አለዚያም ከሁለት አንዱን ምረጥ» ተባልሁ። ልጆች ነበሩኝ፤ መዝገብ ቤቱን መረጥሁ። ቂም የለኝም፤ ነገር ግን ያን ቃል በጋዜጣችሁ ላይ ሳየው አላስቻለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በየካቲት 1926 የኦኬሲ «ማረሻውና ከዋክብቱ» በአቢ መድረክ ላይ ዋለ። ተውኔቱ ከአሥር ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የፋሲካ ሳምንት ዐመፅ የሚመለከት ሲሆን፣ ጀግኖቹን ከሰካራሙና ከሴተኛ አዳሪዋ ጋር በአንድ መድረክ ስላቀረበ የሟቾች ቤተሰቦች ያሉበት ተመልካች በቁጣ ተነሣ። በአራተኛው ቀን ሰዎች መድረኩ ላይ ወጥተው ድብድብ ሆነ፤ ፍሉተር ጉድ የሚባለውን አናጺ ይጫወት የነበረው ፊትዝጄራልድም አንዱን ወራሪ በቡጢ ወደ መጣበት እንደ መለሰው ይነገራል። ባለቅኔው ዬትስ ወጥቶ ሕዝቡን «ዛሬም እንደገና ራሳችሁን አዋረዳችሁ» ብሎ ገሠጸው። በነጋታው ፊትዝጄራልድ ከድብድቡ በኋላ ቢሮ ገብቶ ምን ብሎ ይሆን ብዬ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ታናሽ ወንድሙ አርተር ሺልድስ ነው። አርተርም የአቢ ተዋናይ ነበር፤ በ1916ቱ ዐመፅ ግን ጠመንጃ አንሥቶ በደብሊን ዋና ፖስታ ቤት አካባቢ ተዋግቷል፣ ከዚያም ተይዞ ዌልስ ውስጥ ፍሮንጎህ በሚባለው የእስረኞች ካምፕ ታስሯል። እንግዲህ ያን የተናደደ ተመልካች «ዐመፁን የማታውቁት እናንተ» የሚለው አልተገኘም እንጂ፣ ዐመፀኛው ራሱ ከመጋረጃው በስተኋላ የትያትር ቤቱ ባልደረባ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጸሐፊያችሁ ስለ አርተር አንድም ቃል አላሉም፤ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ፊትዝጄራልድ ቢሮውን የተሰናበተው በ1929 ነው፤ 41 ዓመቱ ነበር። አቢ አልቀበልም ያለውን የኦኬሲን ቀጣይ ተውኔት ለንደን ላይ ለመጫወት ሲል ነው የወጣው፤ ይኸውም የሆሊውድ ጥሪ ሳይሆን የጓደኛው ተውኔት ከመንግሥት ሥራ አስወጣው ማለት ነው። ሲኒማማ መጀመሪያ አላወቀውም። አልፍሬድ ሂችኮክ «ጁኖና ጣዎሱ»ን በ1930 ፊልም ሲያደርገው ካፒቴን ቦይልን ለሌላ ተዋናይ ሰጥቶ፣ ገጸ ባሕርዩን በመድረክ የፈጠረውን ሰው የአደባባይ ተናጋሪ አድርጎ በጥቂት ደቂቃ አሳለፈው። ሆሊውድ የገባው ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ በ1936 «ማረሻውና ከዋክብቱ»ን ሲቀርጽ የአቢ ተዋንያንን ባስመጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ 48 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚፈጠር ተዋናይ የለም።

ስለ ኦስካሩ የጻፋችሁት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ጥቂት ልጨምርበት። በ1944 «ጎዪንግ ማይ ዌይ» በሚለው ፊልም አረጋዊውን ካህን አባ ፊትዝጊበንን ተጫውቶ፣ በዚያ በአንዱ ድርሻ ለዋና ተዋናይነትም ለረዳት ተዋናይነትም ታጨ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አካዳሚው ደንቡን ስለ ለወጠ አልተደገመም። የረዳት ተዋናይነቱን ሽልማት በመጋቢት 1945 ሲቀበል 57 ዓመት ከሞላው አምስተኛ ቀኑ ነበር። የካቶሊኩን ካህን እንዲያ አድርጎ የተጫወተው ሰው ራሱ ፕሮቴስታንት መሆኑን ስንቱ ተመልካች ያውቅ ይሆን? በጦርነቱ ምክንያት ብረት ስለ ጠፋ ሐውልቱ ከጄሶ የተሠራ ነበር፤ ፊትዝጄራልድ ቤቱ ውስጥ የጎልፍ ምት ሲለማመድ አንገቱን በጥሶ ጣለው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ ፒያሳ በሚገኝ ሲኒማ ቤት፣ በ1952 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ ኳየት ማን» ውስጥ ነው። በፈረስ ጋሪ የሚዞረውን፣ አፉ የማያርፈውን ትንሹን የጋብቻ አገናኝ አይተን አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት «ይኸ ሰው የእኛ ሰፈር ደላላ ነው» አሉ። በኋላ ቃሉን ብዙ አስቤዋለሁ፤ ሰውየው እውነትም ደላላውን የሚያውቀው ከሠፈር እንጂ ከስቱዲዮ አልነበረም። ፊትዝጄራልድ በ1959 ወደ ደብሊን ተመልሶ ጥር 4 ቀን 1961 እዚያው ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዲንስግሬንጅ መካነ መቃብር ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለአየርላንዱ ሰው ጥብቅና ለመቆም ብቻ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. በሩን ከከፈተው ከብሔራዊ ትያትር እስከ ዛሬዎቹ ትንንሽ ቡድኖች ድረስ፣ የመድረካችን ታሪክ ያለ ማታ ሰዎች አይጻፍም። ዛሬም ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ባሉት ቢሮዎች ከሥራ መልስ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቃለ ተውኔቱን በከንፈሩ የሚያጠና ወጣት አለ። የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያየው በቴሌቪዥን ድራማ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ያኔም «ከምንም ተነሥቶ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቢቻል አንድ ዘጋቢ በአንዱ ልምምድ ላይ፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ተቀምጦ ያየውን እንዲጽፍ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የግብዣ ደብዳቤ የሚጠይቀው የለም።

በመጨረሻም ስለ ፎቶግራፉ። ከጽሑፉ ጋር «ባሪ ፊትዝጄራልድ» ብላችሁ ያተማችሁት ረዥሙ፣ ፊቱ ቀጠን ያለው፣ የቄስ ኮሌታ ያደረገው ሰው ባሪ አይደለም። እሱ በዚያው በ«ዘ ኳየት ማን» የፕሮቴስታንቱን ቄስ የተጫወተው ወንድሙ አርተር ነው። ባሪ አጭሩ፣ ቅንድበ ወፍራሙ፣ ጋሪውን የያዘው ነው። በሚቀጥለው እትም ታርሙልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአራዳ፣ አዲስ አበባ